ለልጇ ብቻ እምቧ ያለች ላም

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሀብቱ አንዲት ላም ብቻ። ወይንሸት፣ አትተክዢ፤ ማይክሮስኮፑን ለጊዜው ተዪውና ስሚኝ።

የዚህ ገበሬ ሚስት አራስ ነበረች፤ ጡቷ ስለደረቀ ጨቅላ ልጃቸው የምታድገው በዚያች ላም ወተት ነው። አንድ ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከብቱን ሁሉ ሲበታትነው የላሟ ጥጃ ከአንድ ባለጠጋ ጥጆች ጋር ተደባለቀች። የአገራችንን ላም ደግሞ ታውቂያታለሽ፤ ጥጃዋ ቀድማ ካልጠባቻት ጠብታ አትሰጥም። ሕፃኗ በረሃብ ስታለቅስ ዋለች። ጎረቤቱ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ቀለደበት። አይ ሰው!

ገበሬው እየሮጠ ባለጠጋው በረት ደረሰ። ሰባ ጥጃ፣ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ጭቃ የለበሰ። ባለጠጋው «ለይና ውሰድ፤ የኔን ከነካህ ግን ሌባ ነህ» አለው። ገበሬው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ፤ ጭንቅ ያዘው።

ላሙን ሊያመጣ አሰበና «የኔዋ ዝምተኛ ናት፣ ምን ትፈይዳለች?» ብሎ የዚያን የቀልደኛ ጎረቤቱን ላም ተዋሰ። ጥጃዋ የሞተባት ናት፤ ጩኸቷ ጋራ ይሻገራል። በረት ስትገባ ያገኘችውን ጥጃ ሁሉ እምቧ! አጥሩን እምቧ! ውሻውን ሳይቀር እምቧ! ባለጠጋው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንግዲያ ሰባውንም ንዳቸዋ!»

ቢቸግረው የራሱን ላም አመጣ። አንዱን አሽትታ አለፈች። ሌላውንም አለፈች። አርባ ጥጃ አልፋ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ጥግ ላይ ከቆመች አንዲት ጥጃ ዘንድ ስትደርስ ለስለስ አድርጋ እምቧ አለች፤ ጥጃዋም ተወርውራ ጡቷ ሥር ገባች። ባለጠጋው ለማረጋገጥ የራሱን ጥጃ ቢያስጠጋ በእርግጫ መለሰችው።

«በል፣ ላምህ ፈርዳለች» አለው። ሕፃኗ ጠጥታ ስትጠግብ ገበሬው እፎይ ብሎ አለቀሰ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም ሁለት ዓመት የደከምሽበትን፣ ዚንክ ሲያገኝ ብቻ እንዲያበራ የሠራሽውን ቀለም በሕያው ሴል ውስጥ ጨመርሽው። አንዲት ነጥብ ብቻ አበራ፤ ሌላው ጨለማ ሆነ። «የድሮው ቀለም ሴሉን ሁሉ ያበራው ነበር፤ ሥራዬ ከሸፈ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሴሉ በረቱ ነው፤ ዚንኩ የጠፋችው ጥጃ፤ ሴሉ ውስጥ ያለው ብረቱም መዳቡም የሰው ጥጃ። የድሮው ቀለም ላገኘው ሁሉ ይጮሃል። ያንቺው አሽትቶ ያልፋል። ዚንኩን ስታስወጪበት ነጥቧ ጠፋች ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም? ሴሉም ይኸው በሕይወት አለ፤ ጥጃዋን ለማግኘት በረቱን አላፈረስሽም። ታዲያ ምን ያስተክዝሻል? ላምሽ ልጇን አግኝታለች፤ ሂጂና እለቢ።