ሙግቱን የረታው ቀዛፊ

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነበረ። ለሥራው አዲስ ነው፤ በሐይቁ ላይ ገና አንድ ክረምት እንኳ አልከረመም። የሚቀዝፋት ታንኳ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ቄጠማ የተሠራች ናት። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ቀዛፊ ሁሉ ሰው አሻግሮ ሲመለስ ታንኳውን ጎትቶ ያወጣና ፀሐይ ላይ አቁሞ ያደርቃል። ያልደረቀች ታንኳ ባዶዋን ሲያዩዋት ደህና ትመስላለች። ሰው ሲጫንባት ነው ጉዷ የሚታየው።

አንድ ቀን የቀዛፊዎቹ አለቃ ይህን አዲስ ሰው በባልደረቦቹ ፊት አቆመውና ሁለት ጥፋት ነገረው። በተራው ቀን ከወደቡ ጠፍቶ መንገደኛ ሲጉላላ ውሏል። ታንኳውንም ሳያደርቅ መልሶ ወደ ውኃ ያወርዳል። «ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከደገምከው ከወደቡ ትወጣለህ» አለው።

የመጀመሪያው ክስ ሐሰት ነበር። ሰውየው በዚያ ቀን ምጥ የጠናባትን ሴት ከባሏ ጋር ወደ ማዶ አሻግሮ፣ እስክትገላገል ድረስ እዚያው ሲጠብቅ ነበር የዋለው። ለአለቃው ይህን የነገረ አልነበረም። እናም ነገሩ በጣም አስቆጣው። በሰው ፊት መዋረዱና ከኋላ የሰማት አንዲት ሳቅ ከአእምሮው አልወጣ አሉት። ስለ ታንኳዋ የተነገረውንማ አልሰማውም ማለት ይቻላል፤ ልቡ ገና በፊተኛው ላይ ነበር።

በማግስቱ ምስክር ፍለጋ ጀመረ። ወደ ማዶ ተሻገረ፤ የሴትዮዋ ባል እርሻ ወርዷል ተባለ። ተመልሶ ሄደ፤ ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ወደ ወደቡ ሲመለስ መንገደኛ ተሰልፎ ይጠብቀዋል፤ ታንኳዋን አውጥቶ ለማቆም ጊዜ የለውም። ዳር ላይ ያስራትና ሙግቱን እንዲያዩለት የመንደሩን ሽማግሌዎች ደጅ ሊጠና ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። በሥራው ያረጀ አንድ ቀዛፊ፣ «ታንኳህ ከብዳለች፤ አንድ ቀን አሳርፋት» ቢለው፣ «አንተም የአለቃው ወገን ነህ?» አለው። ያረጀው ቀዛፊ ዳግመኛ አልመከረውም።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ባልየው መጥቶ መሰከረ። አለቃው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ በዚህ ነገር መሳሳቱን አምኖ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የታንኳዋስ ነገር?» አለ።

«አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውም ውሸት ነው» ሲል ቀዛፊው መለሰ።

ሽማግሌዎቹ ሙግቱ ሰልችቷቸው ነበርና ብድግ አሉ።

በነጋታው ገበያ ነበር። ቀዛፊው አራት ሰው ጫነ፤ አንደኛዋ እንስራዋን ልትሸጥ የምትሄድ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ቀሎት እየቀዘፈ ሳለ፣ ሐይቁ መካከል ሲደርሱ ውኃው ቁርጭምጭሚቱን ነካው። ወዲያው ነፋስ ተነሣ። ታንኳዋ ባንድ ጎኗ ዘቀጠች፤ ሰዎቹ ተደናግጠው ወደ ሌላው ጎን ሲሸሹ ተገለበጠች። ሌሎች ቀዛፊዎች ደርሰው ሦስቱን መንገደኞች አወጡ። ቀዛፊውን ራሱን ጎትቶ ያወጣው አለቃው ነበር። ሸክላ ሠሪዋ የተገኘችው በሦስተኛው ቀን ነው።

ቀዛፊው የአለቃውን ቁጣ ጠበቀ። አለቃው ግን ጋቢውን አልብሶት ሄደ። በቀብሩም ዕለት ምንም አላለውም። ዝምታው ሲከብደው ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ «ምነው አንድ ቃል እንኳ?» ብሎ ጠየቀው።

«የምነግርህን ያን ጊዜ ነግሬሃለሁ» አለው አለቃው።

ከዚያ ወዲህ መቅዘፊያ አልያዘም። በዚያው መንደር አረጀ። የሟቿ ልጆች በደጁ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉት ነበር፤ ከሁሉ የባሰበትም ይኸው ነበር።

ይህን ምሳሌ የነገሩት ሠላሳ ዓመት በነርስነት ያገለገሉት ሲስተር የውብዳር ናቸው። የሰማቻቸው ረድኤት ሥራ ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት ነርስ ናት። ከአለቃዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷት፣ «ልፈርም ወይስ ልከራከር?» ስትል ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። ደብዳቤው ያለ ፈቃድ ከክፍሏ እንደጠፋች ይላል፤ ለበሽተኛ መድኃኒት ሰጥታ በካርዱ ላይ አለመመዝገቧንም ይላል።

ሲስተር የውብዳር ወደ እርሷ ዞሩ። «ጠፋች የተባልሽው ድንገተኛ ክፍል ተጠርተሽ ነው ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ፈርሚ፤ መፈረም ደረሰኝ ማለት እንጂ አጠፋሁ ማለት አይደለም። ከፊርማሽ በላይ በዚህ አልስማማም ብለሽ ጻፊ። መልስሽንም የጠራሽን ሰው ስም ጠቅሰሽ፣ ሳትቆጪ፣ በአንድ ገጽ አስገቢ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የካርዱስ ነገር?»

ረድኤት ደብዳቤውን አጠፈች። «እውነት ነው» አለች። «ከእኔ በኋላ የገባችው ተረኛ መድኃኒቱን ልትደግምለት ስትል በሽተኛው ራሱ ነው ወስጃለሁ ያላት።»

«እንግዲያው ቀዛፊው አንቺ ነሽ፤ ታንኳሽም ያ ካርድ ነው። እኔ የማዝነው አለቃሽ ስለበደለሽ አይደለም፤ በዳይ በየትም አይጠፋም። የምፈራው በደሉ ጥፋትሽን እንዳይሸፍንብሽ ነው። ሰው ተበድሎም ያጠፋል፣ ልጄ። ያኛው በሽተኛ አፍ ነበረው፤ ተናግሮ ዳነ። የነገው መናገር የማይችል ቢሆንስ?»