ሰላሳ ቁልፍ ያለው ካሜራ

አንድ ጊዜ፣ እሜቴ ዳለቻ የምትባል የሰባት ልጆች እናት አህያ ካሜራ ልትገዛ ገበያ ወጣች። እሁድ የበኩር ልጇ ወደ ቆላ ልትዳር ነው። ሌሎቹም ጭነት ይዘው በየአገሩ ይበተናሉ። ሁሉም አንድ ላይ የሚቆሙት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ፎቷቸውን ካላስቀረች ናፍቆቷን በምን ትወጣዋለች?

መጀመሪያ ያገኘችው አያ ጅቦን ነው። አያ ጅቦ ካሜራ ሲሸጥ እንጂ ፎቶ ሲያነሳ ያየው የለም። ከመደቡ ላይ ጡብ የሚያክል ካሜራ አንስቶ አንገቷ ላይ አጠለቀላት።

«ሰላሳ ቁልፍ አለው። አስር ቁና ገብስ ብቻ።»

አስር ቁና የዓመት ቀለቧ ነው። «አያ ጅቦ፣ እኔ እኮ ያለኝ ሰኮና ነው። አንዱን ስነካ አስሩን አልጫንም?»

«ምን ቸገረሽ፣ እኔ አለሁልሽ። እሁድ ጠዋት መጥቼ ራሴ አነሳችኋለሁ። አንቺ ብቻ ልጆቹን ዋርካው ስር ሰብስቢልኝ። ጠጋ ጠጋ ይበሉ። የሰቡት ከፊት።»

ይህን ብሎ ለሃጩን ጠረገ። እሜቴ ዳለቻ ደግነቱ አንጀቷን በላው። «እሺ፣ እሁድ እንጠብቅሃለን። ለዋጋው ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» አለችው።

ከጎን መደብ ያለችው ቀበሮ ሁሉን ሰምታ ጠራቻት።

«እሜቴ፣ የሰቡት ከፊት የሚል ፎቶ አንሺ የት አይተሻል?»

አሁን ገና ገባት። ጆሮዋ ወደቀ። «ወይ ልጆቼን። ና አልኩት እኮ።»

«ይምጣ፣ ተይው። እሱን ለኔ። መጀመሪያ ይቺን እያት።» ቀበሮ መዳፍ የምታክል ካሜራ አወጣች። «ቁልፏ አንድ ነው፣ ለሰኮናም ይመቻል። ድንጋይ ላይ አስቀምጠሽ ተጫኛትና ሮጠሽ ልጆችሽ መሃል ግቢ፤ አስር ቆጥራ ራሷ ታነሳለች። ካላማረሽ አጥፍተሽ እንደገና። ሁለት ቁና።»

«ትንሽ ሆነችብኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«እኛ መንደር ሰው የታለ?»

እሜቴ ዳለቻ ሳቀችና ገዛች።

እሁድ አህዮቹ ዋርካው ስር ተሰብስበው ሳለ አያ ጅቦ ያን ጡብ ተሸክሞ ከች አለ። ቀበሮ ቀድማ ተቀበለችው። «አቧራ ነክቶታል፣ አያ ጅቦ፣ ልጥረግልህ» ብላ ጠረግ ጠረግ አደረገችና፣ ቀስ ብላ የካሜራውን ክዳን መስታወቱ ላይ ገጠመችበት።

አያ ጅቦ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በሌላው በካሜራው አየ። ድቅድቅ ጨለማ።

«መሸ እንዴ?»

«መሽቷል» አለች ቀበሮ።

«አሁን ጠዋት አልነበር?»

«ሰላሳ ቁልፍ ስትቆጥር ቀኑ የት ይቆይሃል?»

«አህዮቹስ?»

«ገብተው በራቸውን ዘጉ። ሲነጋ ተሰልፈው ይመጡልሃል። ብቻ ዐይንህን እንዳትነቅል፣ ንጋቱ ያመልጥሃል።»

አያ ጅቦ ቁጭ ብሎ ዐይኑን ካሜራው ላይ ለጠፈ።

እሜቴ ዳለቻ ልጆቿን ከዋርካው ማዶ አሰለፈች። ካሜራዋን ድንጋይ ላይ አድርጋ ተጫነችና ሮጣ ገባች። በመጀመሪያው ፎቶ ትንሹ ውርንጭላ ሳቁን ሲውጥ ተንፈራግጦ ጅራቱ ብቻ ወጣ፤ አጠፉት። በሁለተኛው ስምንቱም አሉ፣ ሙሽራይቱም እናቷን ተደግፋለች። ኮቴያቸውን አለስልሰው ሙሽራዋን ሊሸኙ ወረዱ፤ እልል ያሉት ጋራውን ከዞሩ በኋላ ነው።

ዋርካው ስር አያ ጅቦ «ነጋ?» ይላል።

«ገና ነው፣ አያ ጅቦ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለገዛ ሰኮናችን የምትመች ትንሽ ካሜራ፣ ጅብ ካልመጣ ከማይሠራ ትልቅ ካሜራ እንደምትሻል ነው።