የጉድጓድ ቁፋሮ ተማሪዎች

አንድ ጊዜ በቆላ አገር ወንዙ ነጥፎ እንስሳት ሁሉ ተጨነቁ። ንጉሡ አንበሳ «ዝናብ እስኪጥል ማንም ማንንም እንዳይበላ!» ብሎ አወጀ። በሩቅ አገር የሚኖር አንድ ዝሆን የውኃ ጉድጓድ አቆፋፈር በስልክ ያስተምራል ሲባል አህያ፣ ቀበሮና ጅብ ተመዘገቡ። ሦስቱም በየቤታቸው ሆነው ይማሩ ጀመር።

አህያ ብቻዋን ደጋግማ ብትሰማም ትምህርቱ አልዘልቅ አላት። ውርንጭላዋ በጥም ሲዝል እያየች ግን እንዴት ትተወው? ለሁለቱ ደወለች።

«ለየብቻ ከምንዳክር ትምህርቱን እንከፋፈለው። እኔ ውኃ ያለበትን ቦታ መለየት፣ ቀበሮ ቁፋሮውን፣ አያ ጅቦ ደግሞ ግድግዳው እንዳይናድ መደገፉን እናጥና። ኋላ እርስ በርስ እንማማራለን።»

«እንዴታ!» አለ ጅብ፣ የከረመ አጥንት እየቆረጠመ። ዝሆን ማስተማር ሲጀምር ግን እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

አህያ ቦታውን አገኘች። ሦስቱም ተጋግዘው ሲቆፍሩ ጉድጓዱ ጠለቀ። የሚቀረው ከባዱ ሥራ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ መቆፈሩ ነበር።

«እመት አህያ፣ ጉልበቱ ያንቺ ነው፤ ግቢ እንጂ» አላት ቀበሮ፣ እሱ ከላይ ሊቀር አስቦ።

«መጀመሪያ ሁላችንም ያጠናነውን እናስረዳ» አለች። እሷም ቀበሮም የየራሳቸውን ተናገሩ። ተራው የጅብ ሆነ።

«ግድግዳው... እ... ያው ግድግዳ ነው። ሁሉንም ሰምቻለሁ!»

«መስማትህን መች ጠየቅሁህ? አስረዳን ነው ያልኩህ።»

«ተይው እባክሽ፣ ኋላ ያስታውሰዋል» አለ ቀበሮ።

አህያ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። «እሱ ሳይገባው እኔ አልገባም!»

ተናግራ ሳትጨርስ ግድግዳው ተንዶ ጉድጓዱን ሞላው። ጅብም ጆሮውን ጥሎ «ተኝቼ ነበር» አለ።

ቀበሮ ሊሰድበው አፉን ከፈተ። አህያ ግን ወደ ጅብ ዞራ «ስድብ ውኃ አያወጣም፤ ስልኩን ክፈትና ትምህርቱን አብረን እንስማ» አለችው። እያቆሙ ሰሙ፣ እርስ በርስ ተጠያየቁ፤ ጅብም ሳይደናቀፍ እስኪያስረዳ ድረስ አለቀቁትም። ከዚያ ሦስቱም የተናደውን አፈር አወጡ፤ ጅብ ራሱ ግንድ እየጎተተ ግድግዳውን ደገፈ፤ ቀበሮና አህያም እየተፈራረቁ ገብተው ቆፈሩ።

ውኃው ፊን ሲል ጅብ ቀድሞ ሊጠጣ ተንደረደረ። አህያ መንገዱን ዘግታ «መጀመሪያ ውርንጭላዬ!» አለችው። ጅብም ምራቁን እየዋጠ ተራውን ጠበቀ።

ከዚህ የምንማረው በየቤታችን ተራርቀን ብንማርም እንኳ ዕውቀት የሚጸናው ድርሻችንን አጥንተን፣ ለጓደኛ አስረድተንና ያልገባንን ሳናፍር ጠይቀን እንደሆነ ነው።