ለስላሳው ገመድ

አንድ ገመድ ገማጅ ነበር። እሱ የገመደው ገመድ ሁለት በሬ ቢስበው አይበጠስም ይባልለታል። ባገባ በዓመቱ ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቱ ሰባት ወር ሳይሞላት፣ በሰኔ፣ በሦስት ቀን ትኩሳት ሞተችበት።

ከቀብር በኋላ ሰውየው ወደ ቃጫው ተመለሰ። እጁ ሲሠራ ሐሳቡ ትንሽ ይርቅለት ነበር። ሚስቱ ግን ክንዷ ባዶ ቀረ። እንቅልፍ አጣች፤ እህል ተወች፤ ከግድግዳ ጋር ታወራ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ የቃጫው ክምር የተሸፈነበትን ላስቲክ ገፈፈችና ታቅፋው ወደ ወንዙ ሮጠች።

«ወንዝ ልትገባ ነው! ያዟት!» ብለው ጎረቤቶቹ ጮኹ።

ያዟት። ባልየው ላስቲኩን ከእቅፏ ነጥቆ፣ ቃጫው ሳይበሰብስ ሮጦ ሸፈነው።

ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ አደረገች። በሦስተኛው ሊያስራት ቆረጠ። የቃጫ ገመድ እጇን እንዳይልጣት ብሎ የሰርጉን ጋቢ ተረተረና ከክሩ ለስላሳ ገመድ ገመደ። እያሰራትም «ለሚስቱ እንዲህ ያለ ገመድ የሚገምድ ማን አለ?» ብሎ አሰበ። እሷ ገመዱን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለባሏ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በሳምንቱ ከከተማው ዳር ወዳለው የአእምሮ ሕሙማን ቤት ወሰዳት። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ነርስ ገመዱን ፈታና ጠቅልሎ መልሶ ሰጠው።

እሑድ እሑድ ሁለት ሰዓት በእግሩ እየተጓዘ ይጠይቃታል። እሷ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ እሱ የያዘውን ምግብ አስቀምጦ ይመለሳል። ታማለች፣ ምን ታድርግ እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

አንድ እሑድ ግን ማልዶ ደረሰ። ሚስቱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ያ ሽማግሌ ነርስ አጠገቧ ተቀምጦ ጥፍሯን ይቆርጥላታል። እሷ ታወራለች፤ እሱ አንገቱን ይነቀንቃል። አንዴ እንኳ ፈገግ ያለች መሰለው። ባሏ ሊነካው ሲል እንደ እሳት የምትሸሸው ያ እጅ፣ በባዕድ መዳፍ ላይ ተዘርግቶ አርፏል።

ገማጁ ነርሱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ራሰ በራ፣ ጋወኑ ከጉልበቱ በላይ የቀረ ሰው ነው። «በመልክ እንኳ ቢበልጠኝ!» አለ በልቡ። ያን ቀን ሳይጠይቃት ተመለሰ።

ቅናት እንደ ቃጫ እሾህ ገባበት። ውሎ ሲያድር እየጠለቀ ሄደ። የሚገምደው ገመድ አንዱ ጫፍ ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል። ገበያ ላይ አንድ የአህያ ነጂ ገመዱን በእጁ እየመዘነ፣

«ምነው ወዳጄ፣ በሬ ይይዛል ያልከው ገመድ ሚስት መያዝ አቃተው?» አለው። ገበያተኛው ሳቀ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

በሚቀጥለው እሑድ ጢሙን ተላጨ፤ አዲስ ሸሚዝ ለበሰ፤ ነጭ ማር ይዞ ሄደ። ሚስቱ ማሩን ተቀበለችው። ልቡ ደስ አለው። እሷ ግን ብድግ ብላ ተራመደችና ማሩን እንደታሸገ ለአንድ ዓይናው ነርስ አስረከበችው።

ገማጁ ነርሱን ልብስ ከሚሰጣበት ጓሮ ተከትሎ ደረሰበት፤ ኮሌታውንም አነቀው።

«ምን አቅምሰሃት ነው?»

«ሐኪም ያዘዘውን ክኒን።»

«መስተፋቅር ነው ያቀመስካት!»

ሽማግሌው በደህናው ዓይኑ አየውና ሳቁ አመለጠው። «በዚህ መልኬ? መስተፋቅር ባውቅማ እስከ ዛሬ ለራሴ ሚስት አጣ ነበር? ልቀቀኝ አንተ ልጅ፣ ጋወኑ የመንግሥት ነው።»

ገማጁ ለቀቀው። ግን ከፊቱ ሳይርቅ፣ «እኔ ባሏ ነኝ። ለምን ላንተ ታወራለች?» አለ።

«ስለጠየቅኋት።»

«ምን ብለህ?»

«‹የት ልትሄጂ ነበር?› ብዬ።»

«የት ትሄዳለች? ወንዝ ልትገባ ነበራ!»

«ማን ነገረህ?»

«ሰፈሩ ሁሉ።»

«እሷስ?»

ገማጁ ጥያቄውን ወደ ጎን ትቶ፣ «ታዲያ ላንተ ምን አለችህ?» አለ።

«ከእኔ አትስማው፤ ከእሷ ስማው።»

ይህ ከማሩም ከጥፍሩም ይልቅ አቃጠለው። የገዛ ቤቱን ምስጢር ሌላ ሰው በሆዱ ይዞ ይዞራል።

«እኔ እኮ እንዳያማት ብዬ በሰርጌ ጋቢ ክር ነው የገመድኩት! እናንተስ አልያዛችኋትም?»

«ይዘናታል» አለ ሽማግሌው። «የገባች ዕለት ራሷን ከግድግዳ ስታጋጭ ሦስት ሆነን ያዝናት። ባንይዛት ትሞት ነበር። ስትረጋጋ ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ‹የያዝንሽ ፈርተን ነው፤ እጅሽን አሳምመናል፤ ይቅር በይን› አልኳት። ሰደበችኝ። በማግሥቱም ሰደበችኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍሏ ስደርስ ‹ልግባ?› እላለሁ። ‹አትግቡ› ካለች እመለሳለሁ፤ ቆይቼ ደግሞ እመጣለሁ። በሳምንቱ ውሃ አምጡልኝ አለችኝ። ሌላ ምን አለኝ ብለህ ነው የምትቀናብኝ?»

ገማጁ ወደ ክፍሏ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። በሕይወቱ ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀ።

«ልግባ?»

«አትግባ» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማው የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

ሚስቱ ናት። አንድ እግሩ ደፉን ተሻገረ። ከዚያ እግሩን መልሶ ውጭ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ነርሱ ክኒን ይዞ መጥቶ «ልግባ?» ሲል «ግቡ ጋሼ» አለች። ገማጁ ይህን እንደ አጥንት ዋጠው።

በሳምንቱም «አትግባ» አለች። እንደገና ውጭ ተቀምጦ ዋለ።

በሦስተኛው እሑድ ዝናብ ይወርድ ነበር። ገማጁ በሩ ላይ ቆመ። «ልግባ?» አለ። «አትግባ» አላለችም። እሱም ከውጭ እንደቆመ፣

«ያን ጊዜ የት ልትሄጂ ነበር?» አላት።

ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ቀና ብላ ወደ ጣሪያው አየችና፣

«ዝናብ ነበረ» አለች። «አፈሩ ገና ትኩስ ነው። ውሃ ይገባባታል ብዬ ላስቲኩን ላለብሳት ነበር።»

መቃብሩ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ሦስቱም ጊዜ ዝናብ ነበር። ገማጁ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ግን አንዴም አላገጣጠመውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፌን ስከፍት እጄን ያዝክ። ላስቲኩን ቀምተህ ቃጫህን አለበስክ።»

ገማጁ ዞሮ በዝናቡ ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ላስቲኩን ከቃጫው ላይ ገፈፈ። ቃጫው እየረጠበ ወንዙን ተሻገረ፤ ከትንሿ መቃብር ዘንድ ተንበረከከ። ልጁ ከሞተች ወዲህ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።

በቀጣዩ እሑድ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ።

«አልብሼያታለሁ» አለ።

«ጥጎቹን ድንጋይ ጫንክባቸው?»

«በአራቱም።»

«ንፋስ ይገልበዋል።»

«ዙሪያውን በገመድ አስሬዋለሁ።»

«በየትኛው?»

«በዚያው። በጋቢው።»

«ግባ» አለች።

ገባ። ብዙ አልተነጋገሩም። እጁን አልዘረጋም፤ እሷ እስክትዘረጋ ጠበቀ። ሽማግሌው ነርስ መጥቶ እንደ ልማዱ «ልግባ?» ቢል፣

«ቆዩ ጋሼ፣ ባሌ አለ» አለችው።

ሽማግሌው ክኒኑን ይዞ ተመለሰ፤ ሲመለስም በደህናው ዓይኑ ገማጁን ጠቀሰው። ገማጁ ያን ቀን በማንም አልቀናም።

ሴትዮዋ ወዲያው አልዳነችም። ክኒኗን እየወሰደች እስከ ጥቅምት ቆየች። ቤቷ ከተመለሰች በኋላም ክፉ ቀን ይመጣባት ነበር። በዚያ ቀን ባሏ ፈርቶ ቢይዛት እንኳ፣ ሲለቃት ቁጭ ብሎ «የት ልትሄጂ ነበር?» ይላታል።

ወዳጆቼ፣ የታመመን ሰው መያዝ የግድ የሚሆንበት ሰዓት አለ። ያ ሰዓት ግን ያልፋል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ያልጠየቀና ይቅርታ ያላለ እጅ፣ ገመዱ ቢፈታም እንደያዘ ይቀራል፤ ገመዱ ለስላሳ ነበር ማለትም አያድነውም። ታማለችና የምትለው የላትም፣ ታሟልና የሚሄድበት የለውም አንበል። የታመመም ሰው የሚሄድበት አለው። ገማጁ የቀናበት ሽማግሌ ከእሱ የሚበልጠው በአንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ያቺን ደግሞ ማንም ሊጠይቃት ይችል ነበር።

እናንተስ፣ ለራሱ ብላችሁ የያዛችሁት ሰው በቤታችሁ አለ? የት ሊሄድ እንደነበር ጠይቃችሁታል?