ዝንጀሮ የጣላት ኤሊ

ተረት ላምጣ፣ ጆሯችሁን አምጡ።

ዝንጀሮ «ነቢይ ነኝ» ብሎ የእንስሳት ጉባኤ ጠራ። ግንባራቸው ላይ እጁን እየጫነ «ተቀበል!» ብሎ ሲገፋቸው ይወድቃሉ። ኤሊም ጀርባዋ ቢከብዳት ሊጸለይላት መጣች። ገፋት፤ በጀርባዋ ተገለበጠችና መነሣት አቅቷት አራት እግሯን ታወራጭ ጀመር።

«ነካት! ነካት!» ብሎ ጉባኤው እልል አለ።

ፀሐይ ሲያቃጥላት «ነቢይ ሆይ፣ ኧረ ያንሡኝ!» ብላ ጮኸች።

«የእኔ ጸጋ መጣል ነው፤ ማንሣት አልተሰጠኝም» አላትና ተራዋን ወደምትጠብቀው ፍየል አለፈ።

ሣር እየጋጠ የመጣ አህያ በአፍንጫው ገፋ አድርጎ አቃናት።

«አባቴ፣ የእርስዎስ ጸጋ ምንድን ነው?»

«ኧረ የምን ጸጋ! ምሳዬ ላይ ተኝተሽብኝ ነው እንጂ።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ ኤሊዋን ግን አትግፉብኝ።