ዶክተር ትርንጎ እና ሦስቱ ጀማሪ አማካሪዎች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት ጀማሪ የሙያ አማካሪዎች ነበሩ። ቋሚው የሥራ ቦታ ግን አንድ ብቻ። መራጯ አለቃቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ነውና የቢሮውን ቁልፍ ለማን እንደሚያስረክቡ ጨንቋቸዋል።

ታዲያ ትርንጎ የምትባል ጎበዝ ተማሪ ምክር ፈልጋ መጣች። የማትሪክ ውጤቷ የተሰማ ዕለት ነው የአገሯ ሰው «ዶክተር» ብሎ የሰየማት፤ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ! ለበዓል ቤቷ ስትሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ወገቡን ይዞ ይሰለፋል፣ «እስቲ እዪልኝ ልጄ» እያለ። አባቷ ጋሽ ደምለውም ስማቸው ቀርቶ «የዶክተሯ አባት» ሆነዋል። እናም ዲፓርትመንት መምረጫው ሲደርስ «ሕክምና» ብላ ልትጽፍ ብትል እጇ እምቢ አላት።

ከሦስቱ አማካሪዎች መጀመሪያ ያገኘቻት ስንቅነሽ ናት። «ዶክተሯን ተያትና ስለ ራስሽ ንገሪኝ» አለቻት፤ ከዚያ ዝም። ትርንጎ ስለ አባቷ አወራች፣ ስለ ጎረቤቱ አወራች፣ ስንቅነሽ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ልጅቱ ፍርጥ አደረገችው፤ «ሐኪም መሆን አልፈልግም!» ብላ በገዛ ድምፅዋ ደነገጠች። «ታዲያ ምን ልሁን?» ስትል ግን ስንቅነሽ «እሱን እኔ አላውቅልሽም» ብላ ሸኘቻት። ወይዘሮ የሺእመቤት ይህን ሲሰሙ «ጎሽ!» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ግን...» አሉ።

ሁለተኛው አማካሪ ገመቹ ደግሞ ወሬ አይወድም። «ያላዩት አገር አይናፍቅም፤ ነይ እንይ» ብሎ ሆስፒታል ወሰዳት። ትርንጎ ሐኪሞቹን ዞር ብላም አላየች። የተበላሸ የኦክስጅን ማሽን ፈታቶ የሚጠግን ባለሙያ አየችና እዚያው ተተከለች። ማሽኑ ተነስቶ ሲያጉረመርም እንባዋ መጣ። «ይሄን ነው የምፈልገው!» ምን ዋጋ አለው፣ በዚያው ሰዓት ክፍል ውስጥ ፈተና አመለጣት፤ ገመቹ አስቀድሞ ልጠይቅ እንኳ አላለም። ወይዘሮ የሺእመቤት አሁንም «ጎሽ!» አሉ፣ አሁንም «ግን...»።

ሦስተኛው ተካልኝ በበኩሉ «አባቷ ካልፈቀዱ ምኞቷ የትም አይደርስ» አለና ለእሷ ሳይነግር አውቶቡስ ተሳፍሮ አገሯ ሄደ። ልጃቸው ሐኪም ሳይሆን መሣሪያ ጠጋኝ መሆን እንደምትፈልግ ሲነግራቸው ጋሽ ደምለው ፊታቸው ጠቆረ። «ሰው ምን ይለኛል?»

«አባቴ፣ ሰው ሲታመም ሐኪም ያየዋል። የሐኪሙ መሣሪያ ሲታመምስ ማን ይየው?» አለ ተካልኝ።

ሽማግሌው ብዙ ካሰላሰሉ በኋላ «እንግዲህ ይቅናት» አሉ። ትርንጎ ግን ይህን ስትሰማ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ተካልኝ ዘንድ መጣች። «ምስጢሬን ነው የነገርኳችሁ! ማን ላከዎት?» ወይዘሮ የሺእመቤት በዚህኛው «ጎሽ» ይበሉ «ወይ ጉድ» ይበሉ ቸገራቸው።

ትርንጎ የሕክምና መሣሪያ ምሕንድስና ገባች። ሰፈርተኛው ዛሬም «ዶክተር» ይላታል፤ ብቻ አሁን የሚሰለፈው የተበላሸ ራዲዮኑን ይዞ ነው።

ወይዘሮ የሺእመቤት ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት ልጅቱን አስጠሯት። «ለማን ልስጠው ትያለሽ?»

«እትዬ፣ ስንቅነሽን እወዳታለሁ። ጋሽ ገመቹን አመሰግናቸዋለሁ። ጋሽ ተካልኝን ገና አልታረቅኳቸውም። ለአባቴ ራሴ እነግረዋለሁ ብዬ ነበራ!» ካለች በኋላ አንገቷን ደፋች። «እውነቱን ልንገርዎት? አልነግረውም ነበር።»

ሴትዮዋ ቁልፉን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እያዛወሩ ቀሩ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ነገ ያንን በር የሚያንኳኳው የእናንተው ልጅ ቢሆን፣ ከሦስቱ ማን እንዲከፍትለት ትፈልጋላችሁ?