በአጎበር የተኛው ሲራራ ነጋዴ

አንድ ይርዳው የሚባል የደጋ ነጋዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ሊነግድ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ተነሣ። ከመነሣቱ በፊት ያን ቆላ አገር የሚያውቁ ሰዎችን እየዞረ ጠይቆ ነበርና፣ በበቅሎው ላይ ከማሩና ከሰሙ ጋር አንድ አጎበርና አንድ እጀ ጠባብ ጭኗል።

የጓዱ አለቃ ነጋድራስ ሽባባው ይባላሉ። በደጋ መንገድ ሃያ ዓመት የነገዱ፣ ሽፍታ የማይደፍራቸው ሰው ናቸው። ወደዚህ ቆላ ሲወርዱ ግን ለእሳቸውም የመጀመሪያቸው ነበር፤ ይህን ማንም እንዲያስታውሳቸው አይፈልጉም።

እነዚህ ነጋዴዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭነታቸውን ያራግፉና፣ እስከ ወገባቸው ተራቁተው፣ እሳት ከብበው እየተቀባበሉ ይፎክራሉ። በዚያች ሰዓት ልብስ የደረበ ሰው ከፈሪ ይቆጠራል። በደጋው ብርድ ይህ በእርግጥ ጀግንነት ነበር። በቆላው ረግረግ ዳር ግን ለወባ ትንኝ ግብር ማብላት ነው፤ እነሱ ልዩነቱ አልታያቸውም።

ቆላው እንደደረሱ በመጀመሪያው ምሽት ይርዳው እጀ ጠባቡን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አጎበሩን ዘርግቶ ገባ። ሰፈሩ በሳቅ ሞላ። አንዱ ሙሽራው አለው፤ ሌላው ሚዜዎችህ የት ቀሩ ሲል ጠየቀው። ነጋድራሱ ግን አልሳቁም። ጠርተውት፣ ከሽፍታ ጋር በተታኮሰ ጓድ ውስጥ ከትንኝ የሚሸሽ ሰው ቦታ እንደሌለው፣ አጎበሩን ካላወረደ ከነገ ጀምሮ ብቻውን እንደሚሄድ ነገሩት። በማያውቁት አገር ብቻ መጓዝ ደግሞ ራስን ለወንበዴ መስጠት ነው። ይርዳውም ይህን ያውቃል።

«ፈሪ ለእናቱ የሚባለው ያንተ ቢጤ ነው» አሉት ነጋድራሱ።

«ይሁን ጌታዬ። እናቴም የምትፈልገው እኔን ነው፤ ፉከራዬን አይደለም» አላቸው። «ብቻህን ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ። አጎበሩ ግን አይወርድም።»

ከዚያ በኋላ መቶ እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቶ ተከተላቸው። ገበያው ደርሰው ሦስት ሳምንት ሲሰነብቱም ለብቻው በላ፣ ለብቻው ተኛ፤ አንድም ማታ ገላውን አላጋለጠም። ነጋድራሱ የአገሩን ሰዎች እያሳዩ፣ እነዚህ ሁሉ ተራቁተው ሲያድሩ ማን ሞተ እያሉ ይዘባበቱበት ነበር። ያሳደሯቸው ባልቴት ይህን ሰምተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«እኛማ በልጅነታችን እየታመምን፣ ስንቱን ቀብረን የተረፍን ነን» አሉ ባልቴቲቱ። «የሚታያችሁ የተረፈው ነው። የሞተው አይታያችሁም።» የእንግዳ ገላ በሽታውን ስለማያውቀው ቶሎ እንደሚሸነፍም ነገሯቸው። ነጋድራሱ እንዳልሰሙ ሆነው አለፉ።

ሁሉም በጤና አገራቸው ገቡ። በየቤቱ ድግስ ሆነ፤ የይርዳውም ነገር የድግሱ መሳቂያ ሆነ። በአሥረኛው ቀን ግን ነጋድራሱን ብርድ ብርድ አላቸው፤ ቀጥሎም ገላቸው እንደ እሳት ነደደ። በዚያ ደጋ የወባ ትንኝ ስለሌለ ወባን ያሰበ ሰው አልነበረም። ቤተ ዘመዱ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሸላቸው። ሲብስባቸው ሐኪም ተጠራ፤ ለእሱም ምች ነው ብለው ነገሩት።

ይርዳው ወሬውን ሰምቶ ገሥግሦ መጣ። ዘመዶቻቸው፣ እሳቸው ካባረሩህ ወዲያ እዚህ ምን ቀረህ ብለው በር ላይ ገፈተሩት። እሱ ግን መቃኑን ጨብጦ ቆመ።

«ሐኪም፣ እኚህ ሰው ቆላ ሰንብተው ነው የመጡት!» አለ። «ወባ እንደሆነ ይመርምሩልኝ። እስኪመረምሯቸው ከዚህ በር አልነቀልም።»

ሐኪሙ ደነገጠ፤ ቆላ መውረዳቸውን የነገረው አልነበረም። መርምሮ ወባ መሆኑን አወቀ፤ መድኃኒቱም በሰዓቱ ደረሰ። ነጋድራሱ ተረፉ። ከጓዱ ሁለቱ ግን በየመንደራቸው ምች ነው እየተባሉ፣ ዳማከሴ እየታሹ ሞቱ።

ነጋድራሱ በምርኩዝ እየተደገፉ ለቅሶ ደረሱ። በሐዘንተኛውም ፊት ቆሙ።

«እነዚህን ልጆች የገደላቸው ትንኝ ብቻ አይደለም» አሉ። «ልብሳቸውን ያስወለቅኋቸው እኔ ነኝ።»

ወዳጄ ሆይ፣ ትንኝ ፉከራ አትሰማም፤ የመጣህበትን አገርና ዘርህንም አትጠይቅም። ዛሬ በበቅሎ ሳይሆን በአውሮፕላን ብትሄድም ነገሩ ያው ነው። የምትሄድበት አገር ምን በሽታ እንዳለበት ሳትነሣ ጠይቅ፤ እዚያም ገላህን ሸፍነህ፣ በአጎበር ተኛ። ተመልሰህ ትኩሳት ከያዘህ የት እንደነበርክ ለሐኪምህ ሳትደብቅ ንገር። የሚስቅብህ ሰው ይሳቅ፤ ስትታመም አልጋ ላይ የምትወድቀው አንተ እንጂ እሱ አይደለም።

እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ ሰው ይስቅብኛል ብለህ የተውከው ጥንቃቄ የትኛው ነው? ባንተ ሳቅ የተነሣ ልብሱን ያወለቀስ ማን ነው?